በድሮ የአሜሪካ ቤቶች ውስጥ ያሉ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ከ1950 በፊት የተሠራ ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው አንድ ቀን ቆሞ የሚያየው ነገር አያጣም። ግድግዳ ላይ ያለች የትም የማታደርስ ትንሽ በር። ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ የብረት መዝጊያ። ከመኝታ ቤት በር በላይ የተቀመጠ መስኮት። ወደ ወጥ ቤት ብቻ የሚወርድ ጠባብ ደረጃ። ዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት አካባቢ፣ ባልቲሞር ወይም ሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያሉ ቤቶችን በደንብ ያውቋቸዋል።

እነዚህ ነገሮች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ሥራ ነበራቸው፤ ሥራው ሲቀር ቀዳዳው ቀረ። እኔ በግሌ አንዳንዶቹ መጥፋታቸው ተገቢ ነበር እላለሁ። አንዳንዶቹ ግን ያለ አግባብ የተጣሉ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ በር ምንድን ናት?

የወተት በር ናት። ሁለት መዝጊያ አላት፤ አንዱ በውጭ፣ አንዱ በውስጥ። መሃል ላይ ጥቂት ጠርሙስ የሚይዝ ቦታ አለ። ወተት አመላላሹ ሳይነጋ ይመጣና ከውጭ ከፍቶ ሙሉውን ጠርሙስ ያስቀምጣል፤ ባዶውን ይወስዳል። የቤቱ ሰው ሲነሳ ከውስጥ ከፍቶ ያወጣዋል። ማንም ማንንም አይቀሰቅስም፤ ወተቱም ደጅ ላይ ፀሐይ አይመታውም። ለነገ ስንት ጠርሙስ እንደሚፈለግ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ እዚያው ይተው ነበር።

ወተት በየጊዜው ቤት ድረስ ይመጣ የነበረው ቤት ውስጥ የሚያቆየው ነገር ስላልነበረ ነው። ፍሪጅ ሲገባ፣ ሱፐርማርኬት ሲስፋፋ፣ ሰውም መኪና ሲይዝ ወተቱ እንደ ማንኛውም አስቤዛ ከሱቅ የሚመጣ ሆነ። በ1963 በአሜሪካ 30 በመቶ ገደማ የሚሆነው ወተት ገና በየቤቱ ይታደል ነበር። በ1975 ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ12 ዓመት ውስጥ አንድ ሙያ አለቀ ማለት ይቻላል።

በሯ ዛሬም ካለች ሁለት ነገር አስቡ። ብርድ ታስገባለች፤ ደግሞም ውጭ ያለ ሰው እጁን አስገብቶ የዋናውን በር ቁልፍ መድረስ ይችል እንደሆነ ፈትሹ። በውስጥ በኩል መቀርቀሪያ ማድረግና ዳር ዳሩን የብርድ መከላከያ ጎማ መለጠፍ ይበቃል።

በኋላ በረንዳ በኩል ከዚያች የሚበልጥ ሌላ በር አለ። እሱስ የወተት ነው?

ያ ምናልባት የበረዶ በር ነው። ከኤሌክትሪክ ፍሪጅ በፊት ምግብ የሚቀመጠው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥኑ ብዙ ጊዜ ከጠንካራ የኦክ እንጨት ይሠራል፤ ውስጡ ቆርቆሮ ወይም ዚንክ ነው፤ በመሃሉ ሙቀት እንዳይገባ ሰጋቱራ ወይም ቡሽ ይጠቀጠቃል። በረዶ አከፋፋዩ ጭቃ ጫማውን ይዞ ወጥ ቤት እንዳይገባ አንዳንድ ቤቶች ከውጭ የሚከፈት በር አበጁለት።

ቤተሰቡ ምን ያህል በረዶ እንደሚፈልግ የሚናገረው በመስኮት ካርድ ነበር። በካርዱ አራት ጎኖች ላይ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ፓውንድ ተጽፏል። የተፈለገው ቁጥር ወደ ላይ ይደረግና መስኮት ላይ ይቀመጣል። አከፋፋዩ ከጋሪው ሳይወርድ አንብቦ ይቆርጣል።

በረዶው መጀመሪያ ላይ ከኒው ኢንግላንድ ሐይቆች በመጋዝ እየተቆረጠ የሚመጣ ነበር። የቦስተኑ ነጋዴ ፍሬደሪክ ቱዶር በ1806 በመርከብ ጭኖ እስከ ማርቲኒክ ደሴት ድረስ ልኳል። ይህን ሁሉ የገለበጠው ፍሪጅ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተሩ አናቱ ላይ የተቀመጠውን ታዋቂ ፍሪጁን በ1927 አወጣ። ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ መድፋት ቀረ፤ የበረዶ ሣጥኑም የዕቃ መደርደሪያ ሆነ።

ቤዝመንት ግድግዳ ላይ ያለው የብረት መዝጊያ የምን ነው?

የድንጋይ ከሰል መውረጃ ነው። ከሰል የጫነው መኪና ወይም ጋሪ ከቤቱ ጎን ይቆማል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ ከሰሉ በተንሸራታች ቆርቆሮ እየተንኮታኮተ ቤዝመንት ውስጥ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሥራው የቤተሰቡ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ፣ ቤዝመንት ወርዶ፣ በአካፋ እየዛቀ ምድጃውን ይመግባል። አመዱንም ዝቆ የሚያወጣው እሱ ነው። በብርዱ ወራት ይህ የየዕለት ሥራ ነበር።

ይህ የጥንት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ1940ው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 55 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካ ቤት በድንጋይ ከሰል ነበር የሚሞቀው። ጥቁር ጭሱ ከተማውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ኅዳር 28 ቀን 1939 ሴንት ሉዊስ ላይ ጭሱ ከመክበዱ የተነሳ ቀን መብራት አስበራ። ቤት ውስጥም ጥላሸቱ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። የግድግዳ ወረቀት በውሃ ስለማይታጠብ ሰዎች ጥላሸቱን የሚያነሳ ለስላሳ ሊጥ ገዝተው ግድግዳውን ያሹበት ነበር። ኩቶል የተባለው የሲንሲናቲ ኩባንያ ይህን ሊጥ ይሸጥ ነበር። ከሰል ሲቀር ገበያው ደረቀ። ኩባንያው ያንኑ ሊጥ ቀለም ጨምሮበት በ1950ዎቹ አጋማሽ ለልጆች መጫወቻ አደረገው። ልጆቻችሁ የሚያድቦለቡሉት ፕሌይ ዶ ማለት ነው።

ከሰልን ያባረረው ጋዝና የማሞቂያ ዘይት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቴክሳስ ወደ ምሥራቅ ነዳጅ ዘይት ለመውሰድ ሁለት ግዙፍ ቧንቧዎች ተዘርግተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ ተሽጠው የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፍ ጀመሩ። በቧንቧ የሚመጣ፣ አመድ የሌለው፣ በቴርሞስታት የሚታዘዝ እሳት መጣ። ከሰል መቅረቱ የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ሳንባ ያቆስል ነበር፤ ጉልበት ይጨርስ ነበር።

መዝጊያው ካላችሁ ግን አትጣሉት። ብዙዎቹ የሠሪው ፋብሪካ ስም በጉልህ የተቀረጸባቸው ያማሩ የብረት ሥራዎች ናቸው። ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል አሽጋችሁ ብረቱን በቦታው መተው ይቻላል።

ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ለምን መስኮት ተደረገ?

ለአየር እና ለብርሃን። የድሮ ቤቶች ጣሪያ ከፍ ያለ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። በሩን ዘግታችሁ ያቺን መስኮት ብትከፍቱ ሙቀቱ በእሷ በኩል ወደ ኮሪደር ይወጣል፤ ከውጭ መስኮት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለው ይገባል። ሳይታዩ አየር ማግኘት ማለት ነው። መብራት በሌለበት ዘመን ለጨለማው ኮሪደርም የቀን ብርሃን ታቀብል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ቤቶች ጣሪያቸው ወደ 8 ጫማ ዝቅ አለ፤ ከበሩ በላይ ለመስኮት የሚሆን ቦታ አልተረፈም። ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ሲመጣ ደግሞ አየር ማዘዋወር ሳይሆን አየር ማፈን ተፈለገ። የእሳት አደጋ ደንብም አለበት፤ በብዙ መኖሪያ ሕንፃዎች ኮሪደር ላይ እንዲህ ያለ ክፍተት ጭስና እሳት ያሳልፋል ተብሎ እንዲዘጋ ተደረገ።

እኔ በጣም የምቆጭበት ይህ ነው። ያለ አንድ ሳንቲም የኤሌክትሪክ ወጪ ቤት የሚያቀዘቅዝ ነገር በቀለም ተደፍኖ ይኖራል። የራሳችሁ ቤት ከሆነና የአካባቢው ደንብ ከፈቀደ ቀለሙን አስፍቃችሁ፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብታችሁ አስከፍቱት። ፀደይና መስከረም ላይ ኤሲውን አጥፍታችሁ ትተኛላችሁ።

ፎቅ ላይ በሦስት ጎን መስኮት ብቻ የሆነ ክፍል አለ። ምን ነበር?

የመኝታ በረንዳ ነው። ሰዎች ሆን ብለው ውጭ ይተኙ ነበር፤ ብርድም ቢሆን።

ከኋላው የሳንባ ነቀርሳ ፍርሃት አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይህ በሽታ በአሜሪካ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነበር፤ መድኃኒት አልነበረውም። ዶክተር ኤድዋርድ ሊቪንግስተን ትሩዶ ራሱ ታሞ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ወዳሉት የአዲሮንዳክ ተራሮች ሄደ፤ እዚያ ሻል አለው። ሳራናክ ሌክ በተባለች መንደር የሕክምና ማዕከል ከፈተ። የመጀመሪያዋ ትንሽ ቀይ ጎጆ በ1885 ለሕሙማን ተከፈተች። ሕክምናው እረፍት፣ ጥሩ ምግብና ንጹሕ አየር ነበር። በሽተኞች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በረንዳ ላይ ለሰዓታት ይጋደማሉ። የመንደሩ ቤቶች ሁሉ በረንዳ አበቀሉ፤ ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

ከዚያ ሐሳቡ ወደ ጤነኛውም ቤት ገባ። ንጹሕ አየር ካዳነ ይከላከላልም ተባለ። ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ውስጥ በ1908 የተሠራውን የጋምብል ቤት ብታዩ ወንድማማቾቹ አርክቴክቶች ቻርልስና ሄንሪ ግሪን ከመኝታ ክፍሎቹ ጋር የተያያዙ ሰፋፊ የመኝታ በረንዳዎችን አድርገውለታል። ያ የሀብታም ቤት ነው። ነገር ግን በየከተማው ያሉ ተራ ቤቶችም ትንንሽ የመኝታ በረንዳ ነበራቸው። በደቡብ ግዛቶች ደግሞ ከበሽታው ይልቅ የበጋው ሌሊት ሙቀት በቂ ምክንያት ነበር።

በ1943 በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ። ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው የሚሠራ አንቲባዮቲክ ይህ ነበር። የትሩዶ ማዕከል በ1954 ተዘጋ። ኤሲ የቀረውን ምክንያት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በረንዳቸውን በመስታወት ዘግተው የልጅ ክፍል ወይም ቢሮ አደረጉት። ለዚህ ነው ያ ክፍል በብርድ ወራት እንደ ውጭ የሚቀዘቅዘው፤ ግድግዳው ሙቀት እንዲይዝ ተብሎ አልተሠራም።

የኔ ቤት ራዲያተሮች ከልክ በላይ ያሞቃሉ። ተበላሽተው ነው?

ላይሆን ይችላል። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ አገር የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው፣ አሜሪካ ውስጥም እጅግ ብዙ ሰው ገድሏል። የጤና ባለሥልጣናት በብርድም ቢሆን መስኮት ክፈቱ ብለው አጥብቀው መከሩ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ብዙ የእንፋሎት ማሞቂያዎች መስኮት ተከፍቶ ቤቱን እንዲያሞቁ ታስበው ተገጠሙ። ዛሬ መስኮቱን ዘግተን ስንቀመጥ ይበዛብናል። በእያንዳንዱ ራዲያተር ላይ ሙቀት የሚቆጣጠር ቫልቭ በባለሙያ ማስገጠም ይቻላል።

ለምን ሁለት ደረጃ አለ? አንዱ ሰፊና ያማረ፣ ሌላው ጠባብና ጨለማ።

ጠባቡ የሠራተኞች ነው። ከወጥ ቤት ተነስቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ወይም ጣሪያ ሥር ወዳለች ትንሽ ክፍል ይወጣል። ምግብ፣ ውሃ፣ ከሰል፣ የቆሸሸ ልብስ፣ የሌሊት ፖፖ ሁሉ በዚህ ይመላለስ ነበር። ሐሳቡ ሥራው እንዲሠራ፣ ሠራተኛው ግን እንዳይታይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ሰርቪስ አስቡት፤ እዚህ ያው ነገር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ተሠራ።

ነገሩ ከባርነት ዘመን ይጀምራል። ቶማስ ጄፈርሰን ቨርጂኒያ ውስጥ ባሠራው ሞንቲቼሎ፣ የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሽከረከር በር አለ። ጀርባው መደርደሪያ ነው። በባርነት የተያዙት ሰዎች ምግቡን ከውጭ ደርድረው በሩን ያዞሩታል፤ ምግቡ እንግዶቹ ፊት ይቀርባል። በእሳት ምድጃው ጎንና ጎን ደግሞ ከታች ካለው ጓዳ ወይን የምታመጣ ትንሽ የገመድ ሊፍት ተደብቃለች። አስጎብኚዎች ይህን የጄፈርሰን ብልሃት ብለው ሲያሳዩ ኖረዋል። ብልሃት መሆኑን አልክድም። ግን ያቺ በር የተሠራችው የሰው ፊት ላለማየት ጭምር ነው፤ ይህም አብሮ መነገር አለበት።

ከባርነት በኋላ በሰሜኑ ከተሞች በእነዚህ ደረጃዎች የሚመላለሱት በብዛት ከአየርላንድና ከሌላው አውሮፓ የመጡ ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። በደቡብ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ ወደ ሰሜን ሲፈልሱም በዚያው ሥራ ላይ ተሰማሩ። የጥሪ ደወል፣ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የትኛው ክፍል እንደሚጠራ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ በወጥ ቤትና በመመገቢያ ክፍል መካከል ያለች የዕቃ ጓዳ፤ ሁሉም የዚያ ኑሮ ዕቃዎች ናቸው።

የጠፉት በአንድ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካና ቢሮ ለሴቶች የተሻለ ደሞዝና ነፃ የምሽት ጊዜ ሰጠ። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከአውሮፓ የሚመጣውን ሰው በእጅጉ ቀነሰ። የጋዝ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ቫኪዩም ክሊነር ገቡ። ሠራተኛዋ በቤቱ ማደር ትታ ጠዋት መጥታ ማታ መሄድ ጀመረች። ሥራው ግን አልጠፋም፤ መብቱም ቶሎ አልመጣም። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጡረታ ውጭ አድርጎ ነው የጸደቀው። መካተት የጀመሩት በ1950 ነው።

ቤት ሲታደስ መጀመሪያ የሚፈርሰው ይህ ደረጃ ነው፤ ቦታው ለሻወር ወይም ለቁም ሣጥን ይፈለጋል። የሚያስፈልግ ከሆነ ምን ይደረጋል። ከመፍረሱ በፊት ግን ፎቶ አንሱት። የእንጨቱ መሃል በሰው እግር ጎድጉዶ ታገኙታላችሁ።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ግድግዳው የጎደጎደው ሬሳ ሣጥን ለማዞር ነው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ጠባብና ከወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ ሣጥን ለማዞር አይረዳም። ሐውልት ወይም የአበባ ማስቀመጫ የሚቀመጥበት ጌጥ ነው።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም፤ ሰው በእርግጥ ከቤቱ ነበር የሚሸኘው። ከፊት ለፊት ያለው የእንግዳ ሳሎን ሬሳው የሚቀመጥበት፣ ለቀስተኛ የሚገባበት ክፍል ነበር። ሠርግም እዚያው ይደረግ ነበር። በሌላው ቀን ሳሎኑ ተዘግቶ፣ ምርጥ ወንበሩ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለቅሶው ወደ ቀብር አገልግሎት ድርጅቶች ሄደ። ቤቶችም አነሱ፤ ለእንግዳ ብቻ የሚዘጋ ክፍል የማይታሰብ ሆነ። ሁለቱን ሳሎን የሚለዩት ግድግዳ ውስጥ እየተንሸራተቱ የሚገቡ በሮች ብዙ ጊዜ ዛሬም እዚያው ናቸው። በጣውላ ተዘግተው ሊሆን ስለሚችል ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት ፈትሹ።

ድሮ ቁም ሣጥን ያልነበረው ግብር ስለሚያስከፍል ነው?

ይህም ተረት ነው። ቁም ሣጥንን እንደ ክፍል ቆጥሮ ግብር የሚያስከፍል ሕግ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሰው ልብሱ ጥቂት ነበር። አጥፎ በሣጥን ያስቀምጠዋል፣ ወይም ግድግዳ ላይ በተቸከለ እንጨት ይሰቅለዋል። የፋብሪካ ልብስ ሲረክስና የልብስ መስቀያ ሲለመድ ቁም ሣጥን አብሮ መጣ።

መታጠቢያ ቤት ባለው የመድኃኒት ሣጥን ጀርባ ያለችው ቀጭን ቀዳዳ ምን ትሠራለች?

የተጠቀሙበትን ምላጭ ይጥሉባት ነበር። ጂሌት በ1903 ሊጣል የሚችል ምላጭ መሸጥ ሲጀምር ስለቱን የት እንጣለው የሚል ጥያቄ መጣ፤ ቆሻሻ ውስጥ ከገባ እጅ ይቆርጣል። መልሱ ግድግዳው ውስጥ ጣሉት ሆነ። ምላጩ በግድግዳው ሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ወርዶ እዚያው ይቀራል። ባለ እጀታው የፕላስቲክ መላጫ ሲመጣ ቀዳዳዋ አስፈላጊ መሆኗ ቀረ። መታጠቢያ ቤት የምታፈርሱ ከሆነ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ከግድግዳው በመቶዎች የሚቆጠር የዛገ ምላጭ ሊወርድ ይችላል።

ቤዝመንት መሃል ላይ ግድግዳ የሌለው ሽንት ቤት ለምን ተቀመጠ?

ፒትስበርግ ውስጥ በብዛት ስለሚታይ በከተማዋ ስም ይጠራል። የብረት ፋብሪካና የማዕድን ሠራተኞች ከሥራ ሲመለሱ በቤዝመንት በኩል ገብተው፣ እዚያው ታጥበው ነው ወደ ላይ የሚወጡት ይባላል። ሌላው ምክንያት የፍሳሽ መስመሩ ሲሞላ ቆሻሻው ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ይልቅ እዚያ እንዲወጣ ነው። ቢያስጠላም ከማስነሳታችሁ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ጠይቁ።

ኮሪደር ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ ቅስት ያላት መደርደሪያስ?

የስልክ ቦታ ናት። ስልክ ለአንድ ቤት አንድ ነበር፤ በሽቦ የታሰረ፣ ከባድ፣ የስልክ ኩባንያው ንብረት የሆነ። ለሁሉም እኩል እንዲቀርብ ኮሪደር ላይ ይደረጋል። ከታች ያለው ክፍተት የስልክ ማውጫው ነው። ሰው በየክፍሉ ስልክ መሰካት ሲችል ተረሳች። ዛሬ ዋይፋይ ሣጥን ለማስቀመጥ ልክ ናት፤ ከቤቱ መሃል ስለሆነች።

ከፊት ለፊት ያለው ትልቅ በረንዳ ለምን ከአዳዲስ ቤቶች ጠፋ?

ይህ ረጅም መልስ ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ የአሜሪካንን ኑሮ የለወጠው የበረንዳው መጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

በረንዳ የቤቱ ማቀዝቀዣ ነበር። ፀሐይ ግድግዳውን እንዳይመታው ይከላከላል፤ ማታ ቤቱ ውስጥ ሙቀት ሲበረታ ሰው እዚያ ይቀመጣል። መንገደኛ ሲያልፍ ሰላምታ አለ፤ ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱ የሚያያቸው አለ። በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ ጉላ ጊቺ የሚባሉት፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች፣ የበረንዳውን ጣሪያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይቀቡታል፤ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ። ልማዱ ዛሬ በመላው ደቡብ ተስፋፍቷል፤ ብዙ የሚቀባው ሰው ምንጩን አያውቅም።

ዊሊስ ካሪየር ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት በ1902 የነደፈው የአየር ማቀዝቀዣ መጀመሪያ ለሰው ሳይሆን ለወረቀት ነበር፤ እርጥበቱ ሕትመቱን ያበላሽ ስለነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመስኮት የሚገጠመው ዓይነት ረከሰና በየቤቱ ገባ። ዛሬ ከአሜሪካ ቤቶች 90 በመቶ ገደማ ኤሲ አላቸው። ቴሌቪዥን ደግሞ ሰውን ከበረንዳ ወደ ሳሎን ጠራው። መንገዱም በመኪና ጩኸትና ጭስ ተሞላ።

ግንበኞችም አገዙ። ሌቪትና ልጆቹ የተባለው የግንባታ ኩባንያ ከ1947 ጀምሮ ኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ 17,447 ቤቶች ሠራ። የመጀመሪያዎቹ 750 ካሬ ጫማ ነበሩ፤ ቤዝመንት የላቸውም፣ የፊት በረንዳም የላቸውም። ቤቶቹ ርካሽና ለወጣት ቤተሰብ የሚሆኑ ነበሩ፤ ጥቁሮች ግን እንዳይገቡባቸው በውል ተከልክለው ነበር። ከዚያ በኋላ ኑሮው ወደ ጓሮ ዞረ። በአጥር የተከበበ፣ ባርቤኪው የሚጠበስበት፣ ከመንገድ የማይታይ። ከፊት የቀረው የጋራዥ በር ነው።

በረንዳ ያለው ቤት ካላችሁ ወንበር አውጡበት። ጀበና ይዛችሁ ብትወጡ ደግሞ ጎረቤት ሳትጠሩት ይመጣል።

ግድግዳው ሚስማር አይቀበልም፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የእንጨት መስመር አለ። ይያያዛሉ?

አዎ። የድሮ ግድግዳ ድራይዎል (በፋብሪካ የተሠራ የጂፕሰም ሰሌዳ) አይደለም። በቀጫጭን ጣውላዎች ላይ የተለሰነ ስለሆነ ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥዕል የሚሰቀለው ከዚያ የእንጨት መስመር ላይ በመንጠቆና በሽቦ ነው። ድራይዎል በጦርነቱ ዘመን ልስኑን ተካው፤ ቀናት የሚፈጀውን ሥራ አሳጠረ፣ ልዩ ሙያም አልጠየቀም። ልስኑ ግን ድምፅ በማፈን ድራይዎልን ያስከነዳል። መስመሩ ካለ ተጠቀሙበት፤ መንጠቆው ዛሬም ይሸጣል።

ከእነዚህ የድሮ ነገሮች አደገኛ የሆነ አለ?

አለ፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የመጀመሪያው ቀለም ነው። ለቤት የሚሆን የእርሳስ ማዕድን ያለበት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ቀለም ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ የትንሽ ልጅን አእምሮ ይጎዳል። ሻጭም አከራይም የሚያውቀውን ሊነግራችሁ በሕግ ይገደዳል። ከ2010 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ቀለሙን የሚነካ ሥራ በክፍያ የሚሠራ ኮንትራክተር ለዚሁ የሰለጠነና ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

ሁለተኛው ሽቦ ነው። ቤዝመንት ጣሪያ ላይ በነጭ ሸክላ እንክብሎች የተያዙ ነጠላ ሽቦዎች ካያችሁ ከ1940ዎቹ በፊት የነበረው አሠራር ነው። የመሬት መስመር የለውም፤ መሸፈኛው ደርቆ ይረግፋል። ብዙ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ቤት አይቀበሉም፤ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ይታይ።

ሦስተኛው የውሃ ቧንቧ ነው። አዲስ የእርሳስ ቧንቧ መግጠም በ1986 ቢከለከልም ከዚያ በፊት የተቀበረው በየቦታው አለ። የማሞቂያ ቱቦ ላይ የተጠመጠመው ነጭ ሽፋንም አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። እሱን አትንኩት፣ አትቅደዱት፤ ባለሙያ ይምጣ።

እነዚህን ነገሮች እንደፈለግኩ ማፍረስ እችላለሁ?

ቤቱ ያለበት ቦታ ይወስነዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቤታችሁ በአገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን በራሳችሁ ገንዘብ የምትሠሩትን አይከለክልም። የሚከለክለው የከተማው ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በታሪካዊ ክልል ያለ ቤት ከሆነ መስኮት፣ በር፣ በረንዳ፣ የብረት ደረጃ ለመለወጥ የቅርስ ጥበቃው ቢሮ ማየት አለበት። በአብዛኛው የሚመለከታቸው ከውጭ የሚታየውን ነው። ውስጥ ያለው ደረጃ፣ የስልኳ መደርደሪያ፣ ከበር በላይ ያለችው መስኮት የእናንተ ውሳኔ ነው፤ የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ካለ ግን እሱ ለብቻው ይጠየቃል። ኮንትራክተር ከመዋዋላችሁ በፊት የቤቱን አድራሻ ይዛችሁ ወደ ቢሮው ደውሉና በታሪካዊ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ።